ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራው ምን ሊነሳበት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጣችሁ የጨረታ ገጾች ላይ፣ በፕሪንተር ቀለምና በመኪና ጎማ መሀል፣ ሳትለወጥ የምትመላለስ አንዲት መስመር አለች፦ «ዲጂታል ካሜራ፣ ዲኤስኤልአር፣ 24 ሜጋፒክስልና ከዚያ በላይ፣ ከነሌንሱና ከነቦርሳው፣ ብዛት 2»። (ዲኤስኤልአር ማለት ሌንሱ የሚቀያየር፣ ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ ነው፤ ሜጋፒክስል ደግሞ ፎቶው የሚይዘው ነጥብ በሚሊዮን ሲቆጠር ነው።) የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቀያየራል እንጂ መስመሯ ያቺው ናት። ሦስት ፕሮፎርማ ለመሰብሰብ ከፒያሳ እስከ ስታዲየም ሱቅ ለሱቅ የሚዞሩ የግዥ ሠራተኞች የያዙት ወረቀትም ከዚህ የተለየ አይልም። ቦርሳው እንኳ ተጠቅሷል፤ ካሜራው ምን ሊነሳበት እንደተፈለገ ግን አንድም ቃል የለም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ይኸው ነው።

አቅራቢው ላይ ጣት መቀሰር አይገባም። 24 ተባለ፣ 24 አቀረበ፤ ዝቅተኛውን ዋጋ ሰጠ፣ አሸነፈ። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ይወጣል። ጉዱ የሚታየው የመጀመሪያው ስብሰባ ዕለት ነው።

እስኪ አዳራሹ ውስጥ እንግባ። ፎቶ አንሺው ከመድረኩ 15 ሜትር ርቆ መተላለፊያው ላይ ቆሟል። የያዘው ከቦዲው (ሌንስ ካልገጠመው ካሜራ) ጋር በአንድ ካርቶን የመጣውን 18-55 ሌንስ ነው፤ ቁጥሩ በሚሊ ሜትር ሲሆን በጨመረ መጠን ሩቁን ያቀርባል። ዙሙን እስከ መጨረሻው ቢገፋው እንኳ በዚያ ርቀት ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው ወደ 6 ሜትር ተኩል ስፋትና 4 ሜትር ከሩብ ቁመት ያለው ቦታ ነው። ተናጋሪው ከአትሮንሱ በላይ የሚታየው ቢበዛ አንድ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከፍሬሙ ቁመት ሩቡን ቢይዝ ነው። የቀረው ባነር፣ የፕላስቲክ አበባና የውሃ ጠርሙስ ይሆናል።

ይህ የርቀቱ ነገር ነው፤ ብርሃኑ ደግሞ ይብሳል። ያ ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። የተለመደ የስብሰባ አዳራሽ መብራት ኤፍ 2.8፣ 1/100 ሰከንድ የሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ፍጥነትና አይኤስኦ (ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር ለብርሃን ያለው ንቃት) 1600 አካባቢ ይጠይቃል። ኤፍ 5.6 የሚያስገባው ብርሃን ኤፍ 2.8 ከሚያስገባው ሩቡን ብቻ ስለሆነ፣ ወይ አይኤስኦውን ወደ 6400 አውጥቶ ፊቱን አሸዋ የተነሰነሰበት ማስመሰል ነው፣ ወይ ሹተሩን ወደ 1/25 አውርዶ የተናጋሪውን እጅና ከንፈር ማደብዘዝ ነው። ሌንሱ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ አለው የሚል መልስ አይሠራም፤ መከላከያው የሚያረጋጋው የፎቶ አንሺውን እጅ እንጂ የሚኒስትሩን እጅ አይደለም። ቦዲው ላይ ብቅ የምትለው ትንሿ ፍላሽም 15 ሜትር ስለማትደርስ የፊት ወንበር ተቀማጮችን ማጅራት አብርታ ትመለሳለች። ከዚያ «ካሜራው ጥራት የለውም» ይባልና የሚቀጥለው ዓመት ጨረታ 32 ሜጋፒክስል ይላል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው 70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ ነው። ከዚያው 15 ሜትር ላይ፣ በክሮፕ ቦዲ (ሴንሰሩ ከትልቁ፣ ከፉል ፍሬም፣ ያነሰ ካሜራ) 200 ላይ ቢያነሱ ፍሬሙ 1.8 በ1.2 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከአትሮንሱ በላይ ያለው ተናጋሪ ሞልቶ ይገባል። ቦዲው ካኖን 70ዲ ወይም 80ዲ፣ ኒኮን ዲ7200 ቢሆን ይበቃል። ሌንሱ ከቦዲው በላይ ማውጣቱ አያስደንግጥ፤ ከቦዲው በላይ የሚያገለግለውም እሱ ነው። በጀቱ ካልፈቀደ ደግሞ መውጫ አለ፦ 85 ኤፍ 1.8 ይዞ ወደ 7 ሜትር መቅረብ፣ ወይም ከሁሉም ርካሹን 50 ኤፍ 1.8 ይዞ 4 ሜትር ላይ መንበርከክ። ሁለቱም ከላይ ከተባለው ጋር የተቀራረበ ፍሬም ይሰጣሉ፤ ከ18-55 ጋር ሲነጻጸሩም የሚያስገቡት ብርሃን ወደ አሥር እጥፍ ነው። የሚያስከፍሉት የፎቶ አንሺውን ጉልበትና ትንሽ ድፍረት ነው።

አዳራሽን ከማለፌ በፊት ስለ መብራቱ ልጨምር። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ዓይን አያየውም፤ ሹተር ያየዋል። በ1/250 ተከታታይ ሲያነሱ አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ቀጣዩ ጨለም ያለ፣ ሦስተኛው ግማሹ ቢጫ ሆኖ የሚወጣው ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም። ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 ላይ ሲያደርጉት ይስተካከላል። ከዚህ ፈጥኖ ማንሳት ግድ የሚሆንበት ሰው የመብራቱን ምት ጠብቆ የሚያነሳ ቦዲ ይፈልግ፤ ካኖን ይህን እ.ኤ.አ. በ2014 በ7ዲ ማርክ 2 ጀመረ፣ 80ዲና 5ዲ ማርክ 4፣ እንዲሁም ኒኮን ዲ500፣ ዲ7500ና ዲ850 አላቸው። ፍላሽ የሚጠቀሙም ወደ ጣሪያ መልሰው ይተኩሱ፤ ጣሪያው ነጭ ከሆነና ከ4 ሜትር ብዙ ካልራቀ ብርሃኑ ለስልሶ ይወርዳል። በወርቃማ ቀለም ወይም በእንጨት የተለበጠ ከሆነ ግን ያው ቀለም እንግዶቹ ፊት ላይ ያርፋል።

ሜጋፒክስልን በተመለከተ፣ በጋዜጣችሁ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይዞ የሚወጣ ፎቶ በአንድ ኢንች 200 ነጥብ ቢታተም የሚፈልገው ወደ 2,000 ፒክስል ስፋት ነው። ለቴሌግራምና ለፌስቡክ ከዚያም ያነሰ ይበቃል። ዛሬ እንደ አሮጌ ዕቃ የሚታየው ባለ 18 ሜጋፒክስሉ ካኖን 600ዲ 5,184 ፒክስል ስፋት አለው። ከሚፈለገው እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

ቁጥሩ በእውነት ቁም ነገር የሚሆንበት ቦታ ሌላ ነው፦ ሰነድ፣ ካርታ፣ ብራና። እዚያ ሒሳቡ ድርቅ ያለ ነው። ኤ4 ገጽ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እንዲኖረው 8.7 ሜጋፒክስል፣ ኤ3 ደግሞ 17.4 ይፈልጋል። 6,000 በ4,000 የሆነ ባለ 24 ሜጋፒክስል ቦዲ ኤ3ን በ340 ነጥብ ገደማ ይይዛል፤ ድንቅ ነው። ኤ2 የሚያህል ካርታ ላይ ግን ወደ 240 ይወርዳል፤ እዚያ ባለ 45.7 ሜጋፒክስሉ ኒኮን ዲ850 ዋጋውን ያስመሰክራል። ሌንሱ 60 ወይም 100 ማክሮ (ለቅርብ ነገር የተሠራ) ይሁን፤ የዙም ሌንስ የገጹን ቀጥ ያለ ጠርዝ ያጎብጠዋል። ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ፣ ካሜራው ከገጹ ጋር ፍጹም ትይዩ፣ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100፣ በሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ። ብራና ወረቀት አይደለም፤ ይኮማተራል፣ ይነሳል። ስለዚህ ኤፍ 4 ላይ ካነሱ የገጹ መሀል ጠርቶ ዳሩ ይደበዝዛል፤ ኤፍ 16 ላይ ካነሱ ደግሞ ሁሉም እኩል ለስለስ ይላል።

አሁን «ከነሌንሱ» ወደምትለው ቃል ልመለስ፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈስሰው በእሷ ቀዳዳ ነው። የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ ለክሮፕ ቦዲ ብቻ የተሠራ ነው፤ ፉል ፍሬም የሆኑት 6ዲ ወይም 5ዲ ላይ ጭራሽ አይገባም። የኒኮን ዲኤክስ (የክሮፕ) ሌንስ ፉል ፍሬሙ ዲ750 ላይ ይገባል፤ ቦዲው ግን የሴንሰሩን መሀል ብቻ ስለሚጠቀም 24 ሜጋፒክስል ተገዝቶ የሚወጣው 10 ገደማ ይሆናል። ዲ3500ና ዲ5600 ውስጣቸው ፎከስ የሚያዞር ሞተር የላቸውም፤ ኤኤፍ-ዲ የሚል የድሮ ሌንስ ሲገጥሙባቸው ፎከሱ በእጅ ብቻ ነው። ያለ ሞተር የተሠራው ርካሹ «70-300 ጂ» የሚባለውም እንደዚያው። በተቃራኒው አዲሱ ኤኤፍ-ፒ ሌንስ በዲ3200፣ በዲ5100፣ በዲ7000ና በዲ90 ላይ ተገጥሞ ፎከስ አይሠራም፤ ቀለበቱም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ እጅም አያድነውም። ከካኖን በኩል «ሁለት ሌንስ በአንድ ዋጋ» እየተባለ የሚጨመረው 75-300 መንቀጥቀጥ መከላከያ የለውም፣ 300 ላይም ይደበዝዛል፤ በእሱ ፈንታ 55-250 ኤስቲኤም ይጠየቅ። ይህን ሁሉ ለማስቀረት የሚጨመረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሌንሱ ከቀረበው ቦዲ ጋር አውቶፎከስ የሚያደርግ ይሁን፤ በርክክብ ጊዜ ይሞከራል»።

ጨረታውን ለጊዜው ልተወውና በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው በብድር ካሜራ ለሚገዙ የሰርግ ፎቶ አንሺዎች አንድ ሁለት ነገር ልበል። የሰርግ ቦዲ መመዘኛው ሁለት የካርድ ቦታ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ካርድ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሞታል፤ ሰርግ ደግሞ አይደገምም። ኒኮን ዲ750ና ዲ7200፣ ካኖን 5ዲ ማርክ 3ና 7ዲ ማርክ 2 ሁለት አላቸው። 6ዲ፣ 80ዲና ዲ7500 አንድ ብቻ። ዲ7500 የዲ7200 ተከታይ ሆኖ ሳለ አንዱ የካርድ ቦታ የተቀነሰበት መሆኑን ብዙ ሰው ሳያውቅ «አዲሱ ይሻላል» ብሎ ይገዛዋል። 5ዲ ማርክ 3 የያዘ ደግሞ የኤስዲ ቦታው ቀርፋፋ መሆኑን ይወቅ፤ ለሁለቱም ካርድ አንድ ላይ ሲጻፍ ፍጥነቱ በእሱ ይወሰናል፤ ሙሽሮቹ ደረጃውን ሲወርዱ ካሜራው «ቆይ» ይላል።

ቀጥሎ ነጭና ጥቁር። የእኛ ሰርግ ለሴንሰር ከባድ ፈተና ነው፦ ነጭ ቬሎ፣ ጠይም ፊት፣ ጥቁር ሱፍ፣ ይህ ሁሉ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ የቀትር ፀሐይ ሥር። የጥምቀት ነጠላም ያው ነው። ካሜራው ፍሬሙን ነጭ ሲሞላው «በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ ፊቱ ይጠፋል። ነጭ ከበዛ በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ (+/-) ከ2/3 እስከ 1 መጨመር ነው። ፊቱን ያተረፉ መስሏቸው ከዚህ በላይ ከከፈቱት ደግሞ የቬሎው ጥልፍ ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ጥልፍ በኤዲት አይመለስም። ስለዚህ በሮው (በጥሬው ፋይል) እያነሱ ጥልፉን ጠብቆ ጥላውን በኋላ በኤዲት ማንሳት፣ ማለትም ማድመቅ፣ ይሻላል። የኒኮንና የካኖን ልዩነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፦ ከዲ750፣ ከዲ810ና ከዲ850 ፋይል ውስጥ ጥላው ሲነሳ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ከ6ዲ፣ ከ5ዲ ማርክ 3ና ከ7ዲ ማርክ 2 ሲነሳ መስመርና ነጠብጣብ ይዞ ይመጣል። ካኖን ይህን ያሻሻለው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጡት በ80ዲና በ5ዲ ማርክ 4 ነው።

ከእነዚያ ቀደምት ካኖኖች አንዱን የያዘ ሰው አይጣለው፤ ጥላውን በፍላሽ ይሙላ። ግን ልብ ይበል፦ ሹተሩ ከፍላሽ ጋር የሚስማማው 6ዲ ላይ እስከ 1/180፣ 5ዲ ማርክ 3 ላይ እስከ 1/200 ነው። በዚያ ገደብ አይኤስኦ 100 ላይ ቀትር ፀሐይ የሚፈቅደው ኤፍ 11ን ነው፤ ከሙሽሮቹ ኋላ ያለው አጥርና የቆመ መኪና ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ኤፍ 2.8 የሚፈልግ ሰው በከፍተኛ ፍጥነት የሚሠራ ፍላሽ ይግዛ፣ ወይም ሙሽሮቹን የዛፍ ጥላ ሥር ያስገባቸው። ሁለተኛው ነጻ ነው፤ ሚዜዎቹም ያመሰግናሉ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተክሊል ሲሆን ፍላሽ አይታሰብም፣ የሹተር ጩኸትም ያስገላምጣል። 6ዲ፣ 5ዲ ማርክ 3ና ዲ750 ድምፅ የሚቀንስ አሠራር አላቸው፤ ርካሾቹ ቦዲዎች እንደ ብረት መዝጊያ ይጮኻሉ። የጧፍ ብርሃን ኤፍ 1.8፣ 1/80፣ አይኤስኦ 3200 አካባቢ ነው። 6ዲ በእንዲህ ያለ ጨለማ የታወቀ ጎበዝ ነው፤ ግን ከ11 የፎከስ ነጥቦቹ ጎበዙ የመሀሉ ብቻ ነው፣ የዳሮቹን አይመኗቸው። ከሰዓት ድንኳን ውስጥ ሲገቡ ሌላ ጣጣ ይጠብቃል፦ ፀሐይ በቢጫና በአረንጓዴ ሸራ አልፋ ስትመጣ ሰዉ ሁሉ የታመመ ይመስላል። ድንኳኑ ውስጥ እንደገቡ ግራጫ ካርድ አንድ ጊዜ አንስቶ የነጩን ሚዛን በእሱ ማስተካከል ነው። አውቶማቲኩ ግራ ይጋባል።

ባትሪም አይረሳ። ዲ750 በአንድ ባትሪ 1,230፣ 5ዲ ማርክ 3 ወደ 950፣ 700ዲ ደግሞ 440 ፎቶ ተብሎ ተለክቷል። ከሙሽራዋ መዋቢያ ቤት እስከ ኬክ ቆረሳ ላለ ቀን 700ዲ የያዘ አራት ባትሪ ይያዝ።

ስፖርትን በአጭሩ ልለፈው። ለእግር ኳስ ፍጥነትና ርቀት ነው ነገሩ። ከ50 ሜትር ላይ 200 ሌንስ በክሮፕ ቦዲ የሚይዘው ወደ 6 በ4 ሜትር ነው፤ ተጫዋቹ ከፍሬሙ ቁመት ግማሹን አይሞላም። 300 ቢሆን ይሻላል። ሹተሩ ከ1/1000 አይውረድ። ኒኮን ዲ500ና ካኖን 7ዲ ማርክ 2 በሰከንድ 10 ያነሳሉ፤ ዲ500 በኤክስኪውዲ ካርድ 200 ሮው ያህል ሳይቆም ይሄዳል፤ የጀማሪ ቦዲ ግን ከጥቂት ሮው በኋላ ይታነቃል፣ ጎሉም የሚገባው ያኔ ነው። በጄፔግ ማንሳት ይህን ያቀላል፤ ለጋዜጣ ጄፔግ በቂ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ኤፍ 5.6 ሌንስ ያለው ሰው ቦርሳውን ቢዘጋ ይሻለዋል። መስቀል አደባባይ ላይ ታላቁን ሩጫ ለማንሳት ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ 24-70 ሌንስ፣ 1/500ና ከፍ ያለ ቦታ ይበቃል። እዚያው አደባባይ መስከረም 16 ደመራው ሲለኮስ ካሜራው በእሳቱ እንዳይታለል በማንዋል 1/250፣ ኤፍ 4፣ አይኤስኦ 1600 ይጀመርና እንደ ነበልባሉ ይስተካከል።

የዱር እንስሳትና ወፍ የሚያነሳ ሰው ፉል ፍሬም ካልያዝኩ ብሎ አይጨነቅ። 400 ሌንስ በካኖን ክሮፕ ላይ የ640ን ያህል ያቀርባል፤ 7ዲ ማርክ 2 ከ400 ኤፍ 5.6 ጋር፣ ዲ500 ከ200-500 ኤፍ 5.6 ጋር፣ ወይም የሲግማና የታምሮን 150-600። ልምምዱም ባሌ ድረስ አያስኬድም፤ ከፒያሳ ጣሪያዎች በላይ የሚያንዣብበውን ጭላት ፎቶ ማንሳት ከቀይ ቀበሮ ይከብዳል። ለእሱ 1/2000 ነው፤ ሰማዩ ብሩህ ስለሆነም በብርሃን ማስተካከያው ወደ 1 መጨመር፣ ያለዚያ ወፉ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሕንፃ ላይ ስሕተቱ አንድ ነው፦ ካሜራውን ወደ ላይ ማጋደል። ሲጋደል ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም የማይርቀውን የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት እንውሰድ፤ 209 ሜትር ነው። በካኖን 10-18 ሌንስ 10 ላይ፣ ካሜራውን በቁም ይዘው ሳያጋድሉ ጫፉን ለማስገባት 190 ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ የፍሬሙ የታች ግማሽ አስፋልት ስለሆነ ይቆረጣል። ሌንሱን ወደ ላይ በሚያንሸራትተው የካኖን 17 ቲኤስ-ኢ በፉል ፍሬም ቦዲ 120 ሜትር ይበቃል፤ ግን ሥራው ሕንፃ ብቻ ላልሆነ ሰው አይመከርም። ከመፍረስ ከተረፉት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች አንዱን በሰነድነት ማስቀመጥ ለሚፈልግ ግን 10-18፣ ትሪፖድና ውሃ ልክ በቂ ናቸው። ትሪፖድ ሲዘረጋ ጥበቃዎች ስለሚመጡ የፈቃድ ደብዳቤውን ከቦርሳ ሳይሆን ከኪስ ያድርጉት።

«ቪዲዮም ይቀርጻል» የሚል ሐረግ ጨረታው ላይ ካለ አንድ ጥያቄ ይጨመርበት፦ የማይክ መሰኪያ አለው? ካኖን 1300ዲ፣ 2000ዲና 4000ዲ፣ ኒኮን ዲ3400ና ዲ3500 የላቸውም። ምስሉ ይገኛል፣ ድምፁ ከኮሪደሩ ጫጫታ ጋር ነው። ለቪዲዮ የካኖን 70ዲና 80ዲ ፎከስ ከሌሎቹ ሁሉ ይሻላል፤ ዲ750ና 5ዲ ማርክ 3 ፎቶ ላይ ያላቸውን ጉብዝና ቪዲዮ ላይ አያሳዩም፣ ፎከስ ፍለጋ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። በሰከንድ 25 ፍሬምና ሹተሩን 1/50 ማድረግ ደግሞ ያንኑ የመብራት ጣጣ ያስወግዳል።

ካኖንና ኒኮን እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አዲስ ዲኤስኤልአር አላወጡም፤ ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች አዙረዋል። ለገዢው ይህ ክፉ ዜና አይደለም፤ ጥሩ ጥሩ ቦዲዎች ያገለገሉ ሆነው እየመጡ ነው። የካኖን ኢኤፍ ሌንስ ነገ በአስማሚ ወደ አዲሱ ካሜራ ይሻገራል። የኒኮንም ይሻገራል፤ እንደ ኤኤፍ-ዲ ያለ ሞተር የሌለው ሌንስ ብቻ ፎከሱ በእጅ ይሆናል።

ያገለገለ ስለሆነ ግን፣ አንዳንዴም «አዲስ» ተብሎ የቀረበ ያገለገለ ስለሆነ፣ የተረካቢ ኮሚቴ ፊርማ ከማኖሩ በፊት የሚያያቸው አሉ። ኒኮን በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ እስከዚያ ድረስ ስንት ጊዜ እንደተነሳበት ይጽፋል፤ አንድ ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር ማንበብ ነው። «አዲስ» የተባለ ቦዲ 30,000 ካለ ነገሩ ግልጽ ነው። አብዛኞቹ የካኖን ቦዲዎች ፋይሉ ላይ አይጽፉም፤ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በሚያነብ ፕሮግራም ይታያል። ሹተሩ ለስንት ተብሎ እንደተሠራ ማወቅም ይጠቅማል፦ 6ዲና 80ዲ 100,000፣ 5ዲ ማርክ 3ና ዲ750 150,000፣ 7ዲ ማርክ 2፣ ዲ500ና ዲ850 200,000።

ከዚያ ኤፍ 16፣ አይኤስኦ 100 አድርጎ ፎከሱን አጥፍቶ ነጭ ግድግዳ ማንሳት፤ ጥቁር ነጥብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ወይም ዘይት አለ። የዲ600 ዘይት መርጨት የታወቀ ስለሆነ በተለይ እሱ ይፈተሽ። ሌንሱን በስልክ መብራት ከኋላ አብርቶ ማየት፤ እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ፈንገስ ነው፣ በክረምት በቆዳ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ይይዘዋል። የሲኤፍ ካርድ የሚገባበትን ቦታ በባትሪ መብራት ማየት፤ ከመርፌዎቹ አንዷ ከተጣመመች ካርዱ አይነበብም። ካርዱንም ቢሆን ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አምኖ አለመቀበል፤ ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ፋይሎቹን መልሶ መክፈት ነው፣ 64 ጊጋባይት የሚል ተለጥፎበት ከ8 በላይ የተጻፈውን የሚያጠፋ አለ። በመጨረሻም ቦዲው ሥር ያለውን ተከታታይ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አመሳክሮ ሞዴል 19 ላይ መጻፍ፤ «ካሜራ፣ 1» ብቻ ተብሎ የገባ ዕቃ ለጥገና ሄዶ ሌላ ሆኖ ቢመለስ የሚያውቅ የለም።

አክባሪያችሁ፣
ፎቶ አንሺና ካሜራ ጠጋኝ፣ ከፒያሳ